በቀልን የዘፈነ ሁሉ ተበቃይ ነውን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቀል በዘፈኖቻችን ውስጥ ስላለው ቦታ የሚያትት አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጸሐፊው የደከሙበት መሆኑ ያስታውቃል፤ ቋንቋቸውም የተመረጠ ነው። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ዘፈኖቹን ራሳቸውን ቀረብ ብሎ ካለማየት የመጣ መስሎ ስለታየኝ ምላሽ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ ትውልድን በደም ጥማት አሳድገዋል፤ የመቅደላና የዐድዋ ስንኞች ሳይቀሩ ለልጅ ልጅ የተላለፉ የበቀል አደራዎች ናቸው፤ በሙሾና በዘፈን ውስጥ የምትገኘው ሴት ወንዱን ወደ ደም የምትገፋ ናት፤ የዛሬዎቹ የፍቅር ዘፈኖች ደግሞ ከውጭ በተቀዳ ስልት ናፍቆትን ትተው ቂምን ይዘዋል። ሕዝብ የዘፈነውን ስለሚፈጽምና ለዚህም ሩዋንዳ ምስክር ስለሆነች፣ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እነዚህን ሥራዎች ከማሰማት እንዲቆጠቡ ጸሐፊው ይጠይቃሉ። እኔም በጽሑፉ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

ጸሐፊው ስለ ፉከራ የሚያቀርቡት ማስረጃ ‹ገዳይ›፣ ‹ደም›፣ ‹ጎራዴ›፣ ‹ጥይት› የሚሉ ቃላትን ከተለያዩ ፉከራዎች ለቅመው ማከታተል ነው። ቃል ለቅሞ መፍረድ ቀላል ነው። ፉከራ ግን ቁጭ ብለው የሚያነቡት ግጥም ስላልሆነ፣ የሚፈጸምበትን ሥርዓት ትቶ ቃሉን ብቻ መያዝ ነገሩን ያዛባዋል። በጎጃም፣ በጎንደር ወይም በሰሜን ሸዋ ገጠር ሠርግ ላይ ፉከራ ሲነሣ ያየ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኝቶ በሽለላ ይጀምራል፤ ስንኙም ከታዳሚው የአንዱን ቤት የዘር ሐረግ ይነካካል። የተነካው ሰው መጀመሪያ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ስንኙ ሲደጋገምበት ግን ዱላውን ይዞ ብድግ ይላል። ‹ዘራፍ!› ብሎ ሲወጣ ወሬው ሁሉ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የአያቱን ስም፣ የአያቱን የፈረስ ስምና የዘመቱበትን አገር እየጠራ በዳሱ መካከል ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፤ በየስንኙ መጨረሻም ‹እሰይ!› የሚሉ አሉ። ድምፁ ሲሻክርና ዱላው ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ይነሡና ክንዱን ይዘው፣ ‹ይበቃል፣ ያባትህ ልጅ ነህ፣ አሁን ተቀመጥ› ይሉታል። ፎካሪውም አዝማሪውን ሸልሞ፣ ላቡን ጠርጎ ይቀመጣል፤ ጠላው ይቀዳለታል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል።

ጸሐፊው የዘለሉት እኚህን ሽማግሌ ነው። የሚያረጋጋው ሰው ድንገት የገባ እንግዳ አይደለም፤ ያለ እርሱ ፉከራው የሚያልቅበት መንገድ የለም። ፎካሪውም እንደሚያረጋጉት አውቆ ነው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው። በቀደመው ዘመን በጌታ ግብር ላይ ይፎከር የነበረውም ቢሆን ዋናው ሥራው የተፈጸመን ግዳይ በምስክር ፊት ማስቆጠር ነበር። ከዘመቻ የተመለሰው ወታደር የሠራውን ቆጥሮ፣ ሹመት ወይም ሽልማት የሚገባው መሆኑን በጌታው ፊት ያስታውቃል፤ አብረውት የዘመቱት እዚያው ተቀምጠዋልና ያልዋለበትን ዋልኩ ቢል የሚያፍረው እርሱ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ፉከራ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ፣ ያለፈን ነገር የሚመዘግብ ንግግር ነው። ‹ነገ እገድላለሁ› ከሚለው ይልቅ ‹የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አሽከር፣ እዚህ ቦታ የዋልኩ› የሚለው በብዙ እጅ ይበልጣል።

ይህን ስል ፉከራ ሰው አስቆጥቶ አያውቅም እያልኩ አይደለም። ደመኛሞች በተቀመጡበት ድግስ ላይ የተነሣ ፉከራ ምን እንደሚያስከትል የገጠር ሰው ከእኔም ከጸሐፊውም የበለጠ ያውቀዋል፤ አስተዋይ ደጋሽም ባለ ደሞችን በአንድ ዳስ እንዳያገናኝ ይጠነቀቃል። ነገር ግን ይህ ጥንቃቄ ራሱ የሚያሳየው ማኅበረሰቡ አደጋውን ከቃሉ ሳይሆን ከአጋጣሚው መጠበቁን ነው። ጸሐፊው ደም መመለስን በሰፊው ሲያወሱ ስለ ደም ማድረቅ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋቸውም ቅር አሰኝቶኛል። ወሎ ውስጥ አባጋሮች በደም የተቃቃሩ ቤተሰቦችን ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ በኦሮሞ ዘንድ የጉማ ሥርዓት አለ፤ ሌላውም አካባቢ የየራሱ የካሣና የዕርቅ ወግ አለው። ፉከራ የሚሰማበት አገርና ደም የሚደርቅበት አገር አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በወጣትነቱ የፎከረው ሰው ራሱ በሽምግልናው ዕርቁ ላይ ይቀመጣል።

ስለ ታሪክ ስንኞች የተነሣው ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ ያስገረመኝ ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የመቅደላንና የዐድዋን ግጥሞች ሲከሱ ከግጥሞቹ አንድ ስንኝ እንኳ አልጠቀሱም። እኔ ልጥቀስላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ከጠጡ በኋላ የተገጠመውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እዚህ ውስጥ እንግሊዝ የት አለ? መድፉስ፣ ጄኔራሉስ፣ ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ የመጣው ዝሆንስ? ገጣሚው ጠላትን ስም ሊጠራለት እንኳ አልፈለገም። ስንኙ የሚወጋው በሕይወት የቀረውን ያገሬውን ወንድ ነው፤ ‹ወንድ አንድ ሰው ሞተ› በማለት በእግሩ ቆሞ የሚሄደውን ሁሉ ከወንድ ቁጥር አውጥቶታል። በዚያው ሞት ላይ የተባለው ሌላው ግጥም ደግሞ ይህን ይላል፦

አያችሁት ብያ ያንበሳውን ሞት፣
በሰው እጅ መሞት ነውር ነው ብሎት።

ይህ ገዳይ የሌለው ሞት ነው። ገዳይ ከሌለ ደመኛ የለም፤ ደመኛ ከሌለም የሚመለስ ደም የለም። ግጥሙ የንጉሡን ኩራት ሲያደንቅ፣ የበቀልን በር በዚያው ስንኝ ዘግቶታል። ለበቀል የሚመች ታሪክ ቢኖር የመቅደላ ነበር፤ ንጉሥ የሞተበት፣ ሀብትና ቅርስ የተዘረፈበት፣ ልጅ ዓለማየሁ ባሕር ተሻግሮ የተወሰደበት ታሪክ ነው። ሕዝቡ ግን ያን ሁሉ ትቶ ራሱን መውቀስ መረጠ።

ከዐድዋ ደግሞ ፊታውራሪ ገበየሁ በውጊያው ላይ ሲወድቁ የተባለውን እንውሰድ፤ ‹ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ› ይላል። በጸሐፊው አስተሳሰብ ቢሆን ኖሮ ‹ገበየሁ ቢሞት› ከሚለው ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ገዳዮቹ ምን እንደሚደርስባቸው የሚገልጽ ዛቻ ነው። የመጣው ግን የተተኪው ስም ነው፤ የሞተው ሰው ቦታ ባዶ አለመቅረቱ ለገጣሚው ከገዳዩ ዕጣ ይልቅ አስፈላጊ ሆኖ ታይቶታል። ‹ምኒልክ ተወልዶ ባያነሣ ጋሻ፣ ግብሩ ዕንቁላል ነበር ይኼን ጊዜ አበሻ› የሚለውም ቢሆን በባዕድ ከመገበር ስለመዳን የሚናገር ነው። ስለ ዕንቁላል ግብር የሚያስብ የበቀል ግጥም እኔ አላውቅም።

ከግል ደም የሚነሣ የጀግና ታሪክ የለም ማለት ግን አይቻልም። የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ታሪክ የሚጀምረው ከአባቱ ሞት ነው። ሆኖም ስለ እርሱ በሚባሉት ሽለላዎች ውስጥ ጎልቶ የቀረው ከጣሊያን ጋር ያደረገው ተጋድሎና በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት የተፈጸመበት ስቅላት ነው። የግል ደሙ ወደ ዳር ተገፍቶ የአገር ነገር መሐሉን ያዘ። የሕዝብ ዘፈን እየቆየ ሲሄድ በቀልን የሚያጠራው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው፤ ይህን የሚያህል የታወቀ ምሳሌ በጽሑፉ ውስጥ ቦታ ማጣቱ አሳዝኖኛል።

ሴትን በሚመለከተው ነጥብ ላይ ጸሐፊው አንድ ሙሾ ጠቅሰዋል፤ ነገር ግን የጠቀሱት ግማሹን ነው። ‹የገደለው ባልሽ የሞተው ወንድምሽ› የሚለውን ብቻ ወስደው፣ አልቃሿ እኅትየዋን ‹ባልሽን ተበቀዪው› እያለች መሆኑን ያስረዳሉ። ግጥሙ እዚያ አያበቃም፦

የገደለው ባልሽ የሞተው ወንድምሽ፣
ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽ አልወጣ።

ሁለተኛውን መስመር አብሮ ያነበበ ሰው የበቀል ጥሪ ከየት ያገኛል? እዚህ የምትለቀሰው ሴት ሁለት ጊዜ ታስራለች። ለወንድሟ ደም የሚነሣው የራሷ ወገን ቢነሣ የሚወድቀው የልጆቿ አባት ነው፤ ባሏን ደግፋ ዝም ብትል የወንድሟን ሬሳ ከድታለች። ሟችም ገዳይም የእርሷ ስለሆኑ ሐዘን የሚደርሳት ጎረቤት እንኳ ምን ብሎ እንደሚያጽናናት ግራ ይገባዋል። ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ለማለት የሚገባው ሰው ገዳዩ ከተቀመጠበት ደጃፍ ነው የሚገባው። ለቅሶ ወግ አለው፤ ማቅ የሚለበስበት፣ የሚወጣበት፣ የሚጸናናበት ጊዜ አለው። አልቃሿ የምትለው የዚህች ሴት ሐዘን ያን ወግ ሁሉ አፍርሷል፣ መውጫም የለውም ነው። በቀል ሰውን እንዴት አድርጎ ከገዛ ቤቱ ውስጥ እንደሚያጥር በሁለት መስመር ከዚህ የተሻለ የነገረኝ ጽሑፍ አላጋጠመኝም። ጸሐፊው የበቀል ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት፣ በቀል የማይቻልበትን ቤት የሚያሳይ ግጥም ነው።

የሟችን ወንድም በስሙ እየጠራች የምትወጋ፣ ‹ወንድ የለም ወይ› የምትል አልቃሽ መኖሯ እውነት ነው። ‹ባጠባሁህ ጡት› ብላ ልጇን ከደጅ የምትመልስ እናትም አለች። ሁለቱንም አንድ መንደር ያውቃቸዋል። ጸሐፊው አንደኛዋን ብቻ ቆጥረው ‹የአማርኛ ዘፈን ሴት› የሚል ስም ማውጣታቸው ፍርደ ገምድልነት ነው።

የዛሬው የፍቅር ዘፈን ቂምን ከውጭ ቀዳ ስለሚለው ብዙ አልደክምም። የክሊፕ አሠራሩ፣ የተሰበረው መስተዋትና በእሳት የሚቃጠለው ፎቶግራፍ የውጭ ተጽዕኖ ሊሆን ይችላል። የተከዳ ሰው በዜማ መራገሙ ግን ከማንም የተበደርነው ነገር አይደለም፤ ቡሄ ሲመጣ ሙልሙል የነፈጋቸውን ቤት በዜማ ሸንቆጥ አድርገው የሚያልፉት ልጆች ይህን ከቴሌቪዥን አልተማሩትም። ጸሐፊው ግን በዚሁ ክፍል ልንመለከተው የሚገባ አንድ ነገር አንሥተዋል፤ ‹ጊዜ ይፍረድ›፣ ‹ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ›፣ ‹ብድር በምድር› የሚሉት የዘፈን አባባሎች የተሸፈነ በቀል ናቸው ይላሉ። መሸፈኑን እኔም አልክድም፤ ‹ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ› የሚል ሰው እግዜር ዝም እንዲል የሚፈልግ አይመስለኝም። ልዩነቱ ያለው እጅ ላይ ነው። ዘፋኙ ክሱን ያቀርባል፣ ቅጣቱን ግን ለሌላ ያስረክባል።

ይህ ደግሞ ከሙግት ባህላችን ጋር የተያያዘ ነው። በቀደመው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው ‹በላ ልበልሃ› እየተባባሉ በግጥም ይሟገቱ ነበር፤ ነገር አዋቂነት የሚለካውም በዚህ ነበር። የፍቅር ዘፈኖቻችን በዳኛ፣ በፍርድ፣ በምስክርና በዋስ ቃላት መሞላታቸው ከዚህ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። የተበደለው ፍቅረኛ የሚዘፍነው እንደ ባላንጣ ሳይሆን እንደ ባለ ጉዳይ ነው፤ ተበድያለሁ፣ ምስክሬ እናንተ ናችሁ፣ ፍረዱኝ ይላል። በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ያመሸ ሰውም ይህንኑ በጨዋታ መልክ አይቶታል። ያኮረፈ ሰው አዝማሪውን ‹ተቀበል!› ብሎ ጓደኛውን የሚነካ ስንኝ ያቀብላል፤ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል፤ ቤቱ ይስቃል። የተነካውም ኪሱን ዳብሶ፣ ሽልማቱን ከፍ አድርጎ፣ የራሱን ‹ተቀበል!› ያስከትላል። ቂሙ በስንኝ ይገባል፣ በስንኝ ይወጣል፤ ሒሳቡን የሚያወራርደው አዝማሪው ነው። ይህን ‹የበቀል ባህል› ብሎ ከደም መመለስ ጋር በአንድ ስም መጥራት ነገሮችን ያምታታል።

አሁን ከባዱ ነጥብ ላይ ደርሰናል። ጸሐፊው ሩዋንዳን ጠቅሰው ‹በዚያ አገር ዘፈን ሰው ገደለ፣ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም ዘፋኙን በዘፈኑ ቀጣው› ብለዋል። የዘፋኙ ስም ሲሞን ቢኪንዲ ነው። አሩሻ ላይ የተቀመጠው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የአሥራ አምስት ዓመት እስራት ፈርዶበታል፤ የይግባኙ ችሎትም በ2010 አጽንቶታል። የተፈረደበት ግን በዘፈኑ አይደለም። በሰኔ 1994 በመኪና ላይ በተገጠመ የድምፅ ማጉያ፣ በመንገድ ዳር ቱትሲዎች እንዲጠፉ በቀጥታ በመቀስቀሱ ነው የተፈረደበት። ዘፈኖቹን በተመለከተ ችሎቱ ታሪክንና ፖለቲካን እያጣመሙ የሁቱን አንድነት የሚሰብኩ እንደነበሩ፣ በ1994ም በጥላቻ ቅስቀሳ ላይ እንደዋሉ ተቀብሏል። ይሁን እንጂ ዘፈኖቹ የተደረሱት ከጭፍጨፋው በፊት ስለሆነ፣ ቢኪንዲ ለዚያ ዓላማ እንደደረሳቸውም ሆነ በጭፍጨፋው ወራት በሥርጭታቸው ውስጥ እጁ እንደነበረበት አልተረጋገጠም በማለት በእነርሱ ጥፋተኛ አላደረገውም።

ይህ ልዩነት የሕግ ባለሙያዎች ፀጉር ስንጠቃ አይደለም። ዳኞቹ ለይተው ያዩት ሦስት ነገሮች አሉ፤ ዘፈኑ አንድ ነገር ነው፣ ዘፈኑን በግድያ ሰዓት እየመረጠ የሚያሰማው ራዲዮ ሌላ ነው፣ ‹ጨርሷቸው› የሚለው ግልጽ ንግግር ሦስተኛ ነው። ያ ራዲዮ ያንኑ ዘፈን ያሰማ የነበረው የሚፈለጉ ሰዎችን ስም ከሚጠራበት ዝግጅት ጋር አጎራብቶ ነበር። እዚህ ላይ የጸሐፊው ሥጋት ከፊል እውነት እንዳለው እቀበላለሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን በተካሄደው ጦርነት ጊዜ በየወገኑ የወጡትን የጦርነት ዘፈኖች የሰማ ሰው፣ በሠርግ ላይ የሚሰማ ሽለላ ከዜና ቀጥሎ ሲሰማ ሌላ ነገር እንደሚሆን አይስተውም። ጣቢያዎች ሊጠየቁ የሚገባቸውም በዚህ ነው፤ ዘፈኑን መቼ፣ ከምን ንግግር ጋር፣ በማን ላይ አነጣጥረው አሰሙት? ጸሐፊው ግን ከዚህ ጥያቄ ተሻግረው የዘፈኑን ዓይነት ከነስሙ ይከለከል ብለዋል፤ ለዚህ የሩዋንዳው ፍርድ ድጋፍ አይሆናቸውም።

ስለ ክልከላው ሐሳብ የምለው አለኝ። ጸሐፊው የሳንሱር መቀስ በቀልን ለይቶ ይቆርጣል ብለው ያምናሉ። ታሪኩ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ለዚህም ከእኛው ታሪክ ጋር የተጣበቀ አንድ ምሳሌ ላንሣ። በኢትዮጵያ ላይ ከደረሱት የበቀል ዘፈኖች ሁሉ ትልቁ በአማርኛ የተዘፈነ አይደለም። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. መስከረም 22 ቀን ወረራውን ከመጀመሯ ከጥቂት ወራት በፊት የተደረሰውና ወታደሩ እየዘመረ የዘመተበት ‹ፋቼታ ኔራ› የተባለው ዘፈን ነው። ዜማው ቀለል ያለ፣ እግርን የሚያነሣሣ ሰልፍ ነው፤ ግጥሙም ‹ጥቁሯ ፊት› እያለ አንዲትን የሐበሻ ቆንጆ ያባብላል፤ ነጻ እናወጣሻለን፣ ሮም እንወስድሻለን፣ ሌላ ሕግና ሌላ ንጉሥ እንሰጥሻለን ይላታል። ወደ መጨረሻው ግን በመካከል ጣል አድርጎ፣ እኛ ጥቁር ሸሚዞች የወደቁትን ጀግኖች እንበቀላለን ይላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነው አርባ ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት ወቅት ይህን የሰማ ጣሊያናዊ የወደቁት ጀግኖች እነማን እንደሆኑ አስረጂ አላስፈለገውም። ጦሩም ድንበር በተሻገረ በቀናት ውስጥ ዐድዋን ያዘ።

ይህን ዘፈን በጸሐፊው ሚዛን ብናስቀምጠው ምን ይሆናል? ‹ደም› የለበትም፤ ‹ገዳይ› የለበትም፤ የፍቅር ዘፈን ነው ተብሎ ያልፋል። የፋሽስቱ ሳንሱር ራሱ ከጊዜ በኋላ ዘፈኑን ጠላው፤ የጠላው ግን ስለ በቀሉ አይደለም። ጥቁር ሴትን ማወደሱ ከዘር ፖሊሲው ጋር አልሄድ ስላለው ነው፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር የሚያስቀጣ ሕግ ወጣ። መቀሱ ፍቅሩን ሊቆርጥ ተነሣ፣ በቀሉን አልነካም። ወረራው ሲደርስ በዚህ ወገን ደግሞ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቁሞ ሕዝቡን በዘፈን፣ በፉከራና በቴአትር ያነቃቃ ነበር። ጸሐፊው ያን ፉከራ ‹የደም ጥማት› ከሚሉት ውስጥ ቆጥረውታል። አንደኛው ለቆየ ሽንፈት የሰው አገር የሚገባ፣ ሁለተኛው ቤቱን የሚጠብቅ መሆኑን የቃላት ለቀማ አይነግረንም።

ቅርብ ጊዜም ቢሆን ነገሩ አልተለወጠም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የቴዲ አፍሮ ‹ጃ ያስተሰርያል› ሲሰማ የሚጠይቀው ምሕረት ነው፤ ያረጀ ቂም ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሲወራረስ ለውጥ የለም ብሎ የሚወቅስ ዘፈን ነው። በመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን እንዳይሰማ ሆኖ የቆየው ይኸው ዘፈን ነው። በዚያው ዘመን የጦር ሜዳ ሽለላ በየበዓሉ ሳይታክት ይሰማ ነበር። ይከለከል የሚለውን ሥልጣን ለማን እየሰጡ እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስቡበት መልካም ነው፤ መቀሱን የሚይዘው እጅ የሚፈራው በቀልን ሳይሆን ራሱን የሚነካ ቃልን ነውና።

በመጨረሻ የቀረው ‹ሕዝብ የዘፈነውን ይፈጽማል› የሚለው አጠቃላይ ፍርድ ነው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው በ1933 ዓ.ም. ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል ሲሸለል ኖሯል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ገና ቁስሉ አልደረቀም፤ ዘመድ ያልሞተበት ቤት ጥቂት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት የፈጸመውን ዓይነት ጭካኔ እንዳይደግም አሳሰቡ። በየስፍራው የግል ቂሙን የተወጣ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሽለላው ቃል የገባው ዓይነት እልቂት በጣሊያናውያኑ ላይ አልወረደም። ብዙዎቹ በእንግሊዞች እጅ ከአገር ወጡ፤ የቀሩትም ጋራዥ ከፍተው፣ ግንባታ ይዘው፣ ምግብ ቤት አቋቁመው ከፎካሪዎቹ ጋር ጎረቤት ሆኑ። የመኪና ዕቃ ስም ዛሬም ግማሹ በእነርሱ ቋንቋ ነው። ፉከራው ግን አልቆመም፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ከሐውልቱ ሥር አርበኞች ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ ይዘው ሲፎክሩ ኖረዋል፤ እነርሱ እያነሱ ሲሄዱም ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ተክተዋቸዋል። ከዚያ አደባባይ ፉከራውን ጨርሶ ወጥቶ በጣሊያናዊ ላይ እጁን ያነሣ ሰው ካለ፣ ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቀንና ቦታ ጠቅሰው ያሳዩን።